ስለ ጽሕፈት ቤት መዛግብት አያያዝና አደራደር፤ ይልቁንም በፊልቱና በአካባቢው ቆላ

በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሣጥኑ ሞልቶ፥ መደርደሪያው ጎብጦ፥ የተረፈውም ወረቀት በኬሻ ታስሮ በጥግ ተከምሮ ሲታይ፥ የሚያይ ሰው ሁሉ «እዚህ ብዙ ሥራ ተሠርቷል» ይላል። እውነት ነው፤ ተሠርቷል። ነገር ግን አንድ ከብት አርቢ ከሩቅ መጥቶ «ባለፈው ዓመት ፍየሎቼ የተከተቡበትን ማስረጃ ስጡኝ» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነና ጸሐፊው ሦስት ቀን ፈልጎ ያላገኘው እንደ ሆነ፥ ያ ሁሉ ወረቀት ለዚያ ሰው ጨርሶ እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ሰውየውም መንጋውን ለእረኛ ትቶ፥ የመኪና ዋጋ ከፍሎ የመጣበት ድካም ከንቱ ይሆንበታል።

ከቅርብ ዘመን ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የንግድ ማኅበሮችም ወረቀታቸውን በኮምፒዩተር አኑረው፥ በተራ ደርድረውና በቍልፍ ዘግተው የሚጠብቁበት መላ ተገኝቷል። ይህም የሰነድ አስተዳደር ሶፍትዌር ይባላል። ስሙ አዲስ ቢመስልም ሥራው ከቀድሞው የመዝገብ ቤት ሹም ሥራ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ደብዳቤ ሲገባ ቍጥር ይሰጠዋል፥ ላኪውንና ጉዳዩን ይጽፋል፥ ወደሚገባው ፋይል ያኖረዋል፥ ማን እንዳየውም ይመዘግባል። የቀድሞው መዝገብ ቤት ሹም ግን የታመመ ወይም ወደ ሌላ አገር የተዛወረ እንደ ሆነ የፋይሉ ሁሉ ሥፍራ በእርሱ ልብ ስለሚቀር ጽሕፈት ቤቱ እንደ ዕውር ይዳብስ ነበር። ሶፍትዌሩ ሹሙ ቢሄድ አብሮት አይሄድም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ሥርዓት ሳይሠራ ሶፍትዌር የገዛ ጽሕፈት ቤት፥ ያንኑ ኬሻ ከጥግ አንሥቶ ወደ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዳዛወረ ያህል ነው። ስለዚህ የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ የቀበሌ ሊቃነ መናብርት፥ የመሬት ባለይዞታዎችና ባለከብቶችም ነገሩን ከሥሩ ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

ፊልቱ በሶማሌ ክልል የሊበን ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከነገሌ ቦረና ተነሥቶ ወደ ዶሎ ኦዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከነገሌ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። አገሩ በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል ያለ ቆላ ነው፤ ሕዝቡም ይበልጡን በግመልና በላም፥ በበግና በፍየል የሚኖር አርብቶ አደር ነው። ዝናም በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠበቃል፤ በሚያዝያ ግድም የሚጀምረውን ጉ፥ በጥቅምት ግድም የሚጀምረውን ደይር ይሉታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አምስት የዝናም ወቅት በተከታታይ ስለ ጠፋ በዚህ ቆላ ሁሉ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ።

እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር የእርሻ ጽሕፈት ቤት ወረቀቱ የማረሻ መሬት ወረቀት ብቻ አይደለም። የክትባት መዝገብ፥ ከየቀበሌው የሚመጣ የበሽታ ወሬ፥ የኩሬና የጕድጓድ ስምምነት፥ የእርዳታ ተቀባዮች ስም ዝርዝር፥ የገበያ ዋጋ፥ ከአዋሳኝ ወረዳ ጋር የተጻጻፉት ደብዳቤ ሁሉ በዚያው በአንድ ክፍል ይከማቻል። በድርቅ ጊዜም ዝናሙ ሲጠፋ ወረቀቱ ይበዛል፤ ጠያቂው ሁሉ ስም ዝርዝር ይፈልጋልና።

በአገራችን ጽሑፍ መጠበቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ነገሥታትና መኳንንት ለቤተ ክርስቲያን ጕልት ሲሰጡ፥ ስጦታው በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ወይም በኅዳጉ ይጻፍ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንጌሉ በዕቃ ቤት ስለሚጠበቅ በቀላል አይሰረቅም፤ ሥፍራውን ካህኑ ሁሉ ስለሚያውቀው አይጠፋም፤ ፍቆ ሊለውጥ የሚያስብም ሰው ግዝቱን ይፈራል። የዛሬው ሶፍትዌር በግዝቱ ፈንታ፥ ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት የትኛውን ወረቀት ከፍቶ ምን እንደ ለወጠ እየጻፈ የሚያስቀር የራሱ መዝገብ አለው፤ ይህንንም መዝገብ ተራ ጸሐፊ ቀርቶ አለቃው እንኳ እንዳይፍቀው ሆኖ ሊሠራ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን በሾሙ ጊዜ ጽሕፈት ሚኒስቴር አንዱ ሆነ፤ ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይም ተሾሙበት። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ ወመዘክር በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ይህም ዛሬ የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የሚባለው ነው።

በቆላው በኩል ያለ ወረቀት የሚጠበቅ መዝገብም አለ። የቦረና ሽማግሌዎች በየስምንት ዓመቱ የሚተካኩትን አባ ገዳዎች ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ በስምና በተራ ይቈጥራሉ፤ በማን ዘመን ድርቅ እንደ ሆነ፥ በማን ዘመን ጦር እንደ ተነሣ በዚያው አቈጣጠር ይናገራሉ። ቱላ በሚባሉት በጥልቆቹ የውኃ ጕድጓዶችም አባ ሄሬጋ የሚሉት የተራ ጠባቂ አለ፤ የማን መንጋ በስንተኛው ቀን እንደሚጠጣ እርሱ ያውቃል። በሶማሌዎችም ዘንድ ሔር የሚሉት የአባቶች ሕግ በቃል ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ከደጋ የተላከ ሹም እነዚህን ባያውቅ «ይህ ሕዝብ መዝገብ የለውም» ይላል፤ ነገር ግን ክርክር በተነሣ ጊዜ የሽማግሌው ቃል ከጽሕፈት ቤቱ ፋይል ቀድሞ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ይታያል። አስተዋይ ሹም ይህን ቃል ሽማግሌዎቹ ባሉበት አስጽፎ፥ ቀኑንና የተናጋሪዎቹን ስም አስገብቶ፥ ከሌላው ሰነድ ጋር ያኖረዋል።

መዝገብን በደንብ መያዝ ለከብት አገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት የከብት ደስታን ታሪክ መመልከት ይበቃል። ይህ በሽታ በ1880 ዓ.ም. ግድም ከባሕር ማዶ በመጣ ከብት በምፅዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት ፈጀ፤ ገበሬውም የሚጠምደው በሬ ስላጣ ክፉ ቀን የተባለው ራብ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ያህል እየጠፋና እየተመለሰ ሲያውክ ኖረ። በመጨረሻ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ፥ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች መኪና በማይገባበት ሁሉ በእግራቸው እየዞሩ ስለ ከተቡ፥ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የበሽታው መነሣት በ1988 ዓ.ም. በአፋር ታየ።

ነገር ግን በሽታው መጥፋቱና መጥፋቱን ማስረዳት ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት «ከዚያ ወዲህ አላየነውም» የሚለውን ቃል ብቻ አይቀበልም። ክትባቱ የቆመበት ጊዜ፥ ክትባቱ ከቆመ በኋላ የተወለዱት ከብቶች ደም ተመርምሮ የተገኘው ውጤት፥ ደሙ ከየት ሥፍራና ከስንት ዓመት ከብት በየትኛው ቀን እንደ ተቀዳ፥ በየገበያውና በየውኃው የተደረገው ፍለጋ፥ ይህ ሁሉ በጽሑፍ መቅረብ ነበረበት። ቀንና ሥፍራ ያልተጻፈበት የደም ብልቃጥ እንደ ተጣለ ይቈጠራል። ይልቁንም ደቡብ ሶማሊያን፥ ሰሜን ምሥራቅ ኬንያንና የኢትዮጵያን ደቡብ ምሥራቅ ቆላ አንድ አድርጎ የያዘው አገር፥ በሽታው በመጨረሻ ተደብቆ ይኖርበታል ተብሎ በዓለም የተጠረጠረ ሥፍራ ስለ ነበረ፥ ከዚህ አገር የሚጠየቀው ማስረጃ ከሌላው ሥፍራ ይበልጥ ነበር። ኢትዮጵያ ከበሽታው ነጻ መሆንዋ በ2000 ዓ.ም. ታወቀላት፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ ተነገረ። በሰው ጥረት ከምድር ከጠፉት በሽታዎች የፈንጣጣ ሁለተኛ እርሱ ነው።

አሁን ደግሞ በጎችንና ፍየሎችን የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታ እስከ 2030 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር ከዓለም እንዲጠፋ ታስቧል። ስለዚህ ያው ጥያቄ እንደ ገና ወደ ሊበን ይመጣል፤ የት ተከተበ፥ መቼ፥ ስንት ራስ፥ የክትባቱ የምርት ቍጥር ስንት ነው፥ ከዚያ በኋላ በሽታ ታይቷልን? ይህን ለመመለስ ያን ጊዜ ወረቀት መፈለግ ከተጀመረ ጊዜው አልፏል። ለንግዱም ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነው። በመስከረም 1993 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆ ትኵሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን በተነሣ ጊዜ ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄደው የቁም እንስሳ ንግድ ታግዶ፥ የታገደውም ለዓመታት ስለ ሆነ፥ በቆላው ያለ አርቢ በማያውቀው ባሕር ማዶ በተደረገ ነገር ከብቱን የሚገዛው አጣ። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ገዢው አገር አስቀድሞ የሚጠይቀው የጤና ማስረጃ ነው፤ የሰባ በግ ያለ ወረቀት ወደቡን አያልፍም።

የሶፍትዌሩን አሠራር ለመረዳት የአንዱን ወረቀት መንገድ መከተል ይሻላል። ከአንድ ቀበሌ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ የክትባት ሪፖርት ወደ ፊልቱ ላከ እንበል። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ሲደርስ ጸሐፊው በገቢ መዝገብ ቍጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያም በስካነር ሥዕሉን አንሥቶ ወደ ኮምፒዩተሩ ያገባዋል። ይህ ሥዕል ብቻውን ብዙ አይጠቅምም፤ በእጅ የተጻፈ አማርኛን ኮምፒዩተሩ አንብቦ ሊፈልግ አይችልም ማለት ይቻላልና። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ጥቂት ጥያቄ ያቀርባል፤ ወረቀቱ ከማን መጣ፥ መቼ ተጻፈ፥ ጉዳዩ ምንድር ነው፥ የየትኛው ቀበሌ ነው፥ ክትባቱ የየትኛው በሽታ ነው፥ ስንት ራስ ተከተበ፥ ለማን ተመራ። የእነዚህ መልስ የሰነዱ መግለጫ ይባላል። ከዓመት በኋላ አንድ ሰው «በዚያ ቀበሌ በ2017 ዓ.ም. የአባሰንጋ ክትባት የተደረገበትን ሁሉ አምጣ» ያለ እንደ ሆነ ኮምፒዩተሩ የሚፈልገው በሥዕሉ ውስጥ ሳይሆን በዚህ መግለጫ ውስጥ ነው። ጸሐፊ ሥራ ሲበዛበት ይህን ጥያቄ መዝለል ይወዳል፤ ነገር ግን መግለጫ የሌለው ሰነድ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነውና አለቃው ሊፈቅድለት አይገባም። ጥያቄው ከሰባትና ከስምንት የበለጠ እንደ ሆነም ጸሐፊው ሰልችቶት የሐሰት መልስ መሙላት ስለሚጀምር፥ ጥያቄውን ማሳነስ የሥርዓቱ ሠሪ ፋንታ ነው።

ቀጥሎ የፋይሉ አከፋፈል ይመጣል። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ፋይል የሚከፍቱት በሹሙ ስም ወይም በክፍሉ ስም ነው። ሹም ይሻራል፤ የክፍልም ስም በየጊዜው ይለወጣል፤ ግብርናና የእንስሳት ሀብት አንድ ጊዜ ሲዋሐዱ አንድ ጊዜ ሲለያዩ ታይተዋል። ሥራው ግን ያው ነው። ስለዚህ ፋይል በሥራው ይከፈታል፤ የእንስሳት ጤና፥ ከእርሱም በታች ክትባት፥ የበሽታ ወሬ፥ የመድኃኒት ገቢና ወጪ፥ ከዚያም በታች ዓመቱ። ከዚህ የበለጠ መቈራረጥ አይጠቅምም። ደግሞ በየጽሕፈት ቤቱ «ልዩ ልዩ» የሚባል ፋይል አለ፤ ከፋይሎችም ሁሉ ወፍራሙ እርሱ ነው። አዲሱ ሥርዓት ሲጀመር ይህ ስም ጨርሶ ባይፈቀድ መልካም ነው፤ ጸሐፊው ማሰብ የተወበት ሥፍራ ነውና። በወረቀት ዘመን አንዱ ደብዳቤ ስለ ውኃም ስለ ጠብም የሚናገር እንደ ሆነ ግልባጩ በሁለት ፋይል ይገባ ነበር፤ በሶፍትዌሩ ግን ሰነዱ አንድ ሆኖ በሁለቱም ርእስ ይገኛል። ይህ ብቻውን የወረቀት ወጪን ይቀንሳል።

በረቂቅ ነገርም እንዲሁ ጥቅም አለው። የዓመት ዕቅድ የሚጻፍበትን ኮምፒዩተር የከፈተ ሰው «ዕቅድ»፥ «ዕቅድ የመጨረሻ»፥ «ዕቅድ የመጨረሻ የታረመ»፥ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚሉ አራት ጽሑፎች ተደርድረው ያያል፤ ወደ ጅግጅጋ የተላከው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ የለም። የሰነድ አስተዳደር ሶፍትዌር አንድ ስም ብቻ ይዞ፥ የተለወጠውን ሁሉ በተራ ቍጥር ከሥሩ ያኖራል፤ አለቃው ያጸደቀው ቅጂም ይቈለፋል። የመክፈቻ ፈቃድ ነገር ረጅም አይደለም፤ ሥራው የሚጠይቀው ሰው ይከፍታል፥ ሌላው አይከፍትም፤ አንዱ የይለፍ ቃል ለአምስት ሰው የተሰጠ እንደ ሆነ ግን ፈቃዱም የነኪውም መዝገብ ዋጋ የላቸውም።

በፊልቱና በነገሌ ጽሕፈት ቤቶች ከሁሉ የሚያስቸግረው የቋንቋና የፊደል ነገር ነው። ከፌዴራል መንግሥት የሚመጣው ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል፤ በሶማሌ ክልል የሥራ ቋንቋ ሶማልኛ ነው፥ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ከነገሌ በኩል የሚመጣው ደግሞ በኦሮምኛ በቁቤ ይጻፋል። ሁለቱም የላቲን ፊደል ስለሚጠቀሙ አንድ ይመስላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ኤክስ የሚባለው ፊደል በሶማልኛ እንደ ሐ ይነበባል፥ በቁቤ እንደ ጠ ይነበባል። ሲ የሚባለው በሶማልኛ ዐ ነው፥ በቁቤ ጨ ነው። ስለዚህ ፊልቱ ላይ ዐሊ ተብሎ የተጻፈ ሰው ስሙን ቁቤ ብቻ የሚያውቅ ጸሐፊ ያነበበው እንደ ሆነ ጫሊ ይለዋል፤ ሓጂ የሚለውም ጣጂ ይሆናል። አማርኛውም ከዚህ አያመልጥም። በሀ፥ በሐና በኀ፥ በሰና በሠ፥ በአና በዐ፥ በጸና በፀ መካከል ያለውን ልዩነት ጸሐፊዎቻችን እንደ ልማዳቸው ይጽፉታል፤ ማሐመድ፥ መሐመድ፥ መሀመድ፥ ሞሐመድ የተባለው አንድ ሰው ለኮምፒዩተሩ አራት ሰው ነው። በእርዳታ ዝርዝር ላይ አንዱ ሰው አራት ጊዜ የሚገኝበት፥ ሌላው ደግሞ ተመዝግቦ ሳለ «የለህም» የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በራብ ዘመን ይህ ስሕተት የቤተ ሰብ ምግብ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። የቀበሌው፥ የበሽታውና የመድኃኒቱ ስም አስቀድሞ አንድ ጊዜ ተስማምተው የጻፉት ዝርዝር ተዘጋጅቶ፥ ጸሐፊው ከዝርዝሩ እንዲመርጥ እንጂ በየጊዜው እንዳይጽፍ ማድረግ አንዱ ነው። ለአማርኛ ተብሎ የተሠራ መፈለጊያም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ እንዲቈጥር ማዘዝ ይቻላል፤ ሶፍትዌር የሚገዛ ሹም ይህን ከመክፈሉ አስቀድሞ ዓይኑ እያየ ማስፈተን አለበት። ስለ ሰዎች ግን በስም ፈንታ ቍጥር መያዝ ይሻላል። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ መታወቂያ ቍጥር ለዚህ ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ ከመንጋው ጋር የሚዘዋወር ሰው ገና ያላወጣ እንደ ሆነ ጽሕፈት ቤቱ የራሱን መለያ ቍጥር ሰጥቶ ሊመዘግበው ይገባል እንጂ ቍጥር የለህም ተብሎ ከመዝገብ አይወጣም።

የቀን ነገርም አለ። ኮምፒዩተር ከፋብሪካው ሲወጣ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቈጣጠር ነው፤ ጸሐፊው የሚጽፈው የእኛን ነው፤ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርት ደግሞ በፈረንጆቹ ይመጣል። 2012 ተብሎ ብቻ የተጻፈ ወረቀት የትኛው 2012 ነው? በመካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለና ስሕተቱ ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ከዓመቱ በኋላ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ተብሎ ሳይጻፍ የሚገባ ሰነድ ሊኖር አይገባም፤ ሰዓቱም በእኛ ስድስት ሰዓት እንደሚለይ ማስታወስ ነው።

ከዚህ በላይ ብዙ ሰው ያላሰበው ሌላ ጥፋት አለ። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ባሰናዱ ጊዜ ፊደላችን ከመኪናው ቍልፍ ቍጥር በላይ ስለ ነበረ ፊደሉን ከፍሎ የመገጣጠም ብልሃት አስፈልጓቸው ነበር። ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜም ያው ችግር ተመለሰ፤ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የመሰሉት መጻፊያዎች የግዕዙን መልክ በላቲን ፊደል ሥፍራ ላይ እያስቀመጡ ሠሩ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዓ.ም. ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ገብቶ የራሱ ቍጥር ተሰጠው። ነገር ግን በአሮጌው መጻፊያ የተጻፈው ደብዳቤ በአዲስ ኮምፒዩተር የተከፈተ እንደ ሆነ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ብዙ ጸሐፊ ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋዋል። አልተበላሸም፤ መጻፊያው ቢገኝ ይነበባል፥ ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ መሣሪያም አለ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለው ጽሕፈት ቤት አሮጌውን ኮምፒዩተር ከመጣሉ በፊት ያስመልሰው፤ ይህ ባይቻል አትሞ በወረቀት ያኑረው።

ስለ ሕጉ፥ የመንግሥት መዝገብ የሹሙ ንብረት አይደለም። በአዋጅ ቍጥር 179/1991 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለ ቤተ መዛግብቱ ፈቃድ መዝገቡን ሊያጠፋ አይችልም፤ ቤቱ ጠበበ ተብሎ ማቃጠል ወይም ለሱቅ መጠቅለያ መሸጥ ወንጀል ነው። አዋጅ ቍጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ ለተጻፈ ሰነድ፥ አዋጅ ቍጥር 1072/2010 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሕግ ዋጋ ሰጥተዋል። አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል ነገር ስለ መጠበቅ ይናገራልና፥ የእርዳታ ተቀባዮችን ስምና ስልክ በሰሌዳ ላይ እንደ ልብ መለጠፍ ወይም በቴሌግራም ማሰራጨት ከእንግዲህ አይገባም።

በደጋው አገር መሬትን ስለ መመዝገብ ከተደረገው የሚወሰድ ትምህርት አለ። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ የባለርስትና የጭሰኛ ነገር ከቀረ ወዲህ ክርክሩ በይዞታ ሆነ። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያና በደቡብ ለገበሬው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ታደለ። የመጀመሪያው ደብተር ካርታ አልነበረውም፤ «በምሥራቅ እገሌ፥ በምዕራብ መንገድ» እያለ አዋሳኙን በስም ይጠራል። ገበሬው ሲሞት፥ ልጆቹ ሲካፈሉ፥ አዋሳኙም ሲለወጥ መዝገቡ ያልተነካ እንደ ሆነ፥ ወሰኑ የሞተ ሰው ስም ይዞ ይቀራል። በሁለተኛው ደረጃ ግን ማሳው ካርታ ወጥቶለት የራሱ ቍጥር ተሰጠው፤ በፊንላንድ መንግሥት እርዳታ የተሠራው ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓትም በወረዳ ጽሕፈት ቤት ውርሱን፥ ስጦታውንና ኪራዩን በየዕለቱ እንዲመዘግብ ተደረገ። ከዚህ የሚታወቀው፥ መዝገብ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚተው አለመሆኑ ነው፤ ለምዝገባው ዘመቻ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ለማደሱ አንድ ጸሐፊ ያልተመደበ እንደ ሆነ ገንዘቡ በከንቱ ፈሰሰ።

በሊበን ግን የደጋው ደብተር እንደ ነበረ ሊገለበጥ አይቻልም። በገናሌ ዳር በመስኖ ለሚያርሰው ሰው የማሳ ካርታ ይስማማዋል። ግጦሹ ግን የጋራ ነው፤ አዋጅ ቍጥር 1324/2016ም የአርብቶ አደርን የወል ይዞታ ያውቃል። የግጦሽ መዝገብ በጉ ጊዜ የት እንደሚሰማሩ፥ በበጋ ወደ የትኛው ውኃ እንደሚወርዱ፥ ድርቅ ሲሆን ማን ማንን እንደሚያስጠጋ የሚጽፍ መሆን አለበት። ይህን ትቶ በካርታ ላይ አጥር የሚያሰምር ጸሐፊ፥ በሰላም የኖሩትን ሁለት ጎሣዎች በአንድ ማኅተም ሊያጣላ ይችላል።

የአየሩና የቤቱም ነገር አይረሳ። በፊልቱ ወረቀትን ምስጥ ይበላዋል፤ ኮምፒዩተርን ሙቀትና አቧራ ያደክመዋል፤ መብራትና ኢንተርኔትም በየጊዜው ይቋረጣሉ። ስለዚህ ሁሉ ነገር በሩቅ አገር ባለ ማኖሪያ ብቻ የተመሠረተ ሶፍትዌር ለዚህ ከተማ አይስማማም፤ ዋናው ቅጂ በጽሕፈት ቤቱ ባለ ማሽን ሆኖ፥ መስመር ሲገኝ ወደ ክልሉ የሚገለበጥ ይሻላል። ከዚህም ሌላ በየሳምንቱ ዐርብ በትንሽ ዲስክ አንድ መጠባበቂያ ቅጂ ተገልብጦ በሌላ ቤት፥ በብረት ሣጥን ይቀመጥ፤ በዚያው ክፍል የተቀመጠ ቅጂ እሳት ቢነሣ ከዋናው ጋር አብሮ ይነዳል። ሦስት ወር ባለፈ ቍጥር ከመጠባበቂያው አንድ ሰነድ አስከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ዓመት ሙሉ ሲገለበጥ ኖሮ በተፈለገ ቀን ባዶ ሆኖ የተገኘ ዲስክ ጥቂት አይደለም። ዋናው ወረቀት፥ ይልቁንም ፊርማና ማኅተም ያለበት፥ ስካን ስለ ተደረገ አይጣልም።

መጀመር የሚሻው ጽሕፈት ቤት በኬሻ ካለው አሮጌ ወረቀት አይጀምር፤ ጸሐፊዎቹ ስድስት ወር በአቧራ ውስጥ ደክመው ዛሬ የመጣውን ደብዳቤ ሳይመዘግቡት ይቀራሉ። ከአንድ ከተወሰነ ቀን፥ እንበል ከሐምሌ 1 ቀን ከበጀቱ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ በአዲሱ ሥርዓት ይመዝግብ። ገቢና ወጪ መዝገቡም በወረቀት ለአንድ ዓመት አብሮ ይቀጥል። ከአሮጌው ወረቀት አስቀድሞ የሚወጣው ሰው ዛሬም የሚከራከርበትና ሰው ዛሬም የሚጠይቀው ነው፤ የይዞታ፥ የውኃና የክትባት ወረቀት። የቀረው በዓመትና በጉዳይ እየተለየ፥ ከመሬት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ፥ በየኬሻው አፍ ላይ ምን እንዳለበት የሚናገር አንድ ቅጠል ተሰፍቶበት ይቆይ።